የላፕቶፕ ንዝረትና የመሬት ሽቦ

የላፕቶፕ ንዝረት የብረት አካል ያለው ላፕቶፕ ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ የእጅን አንጓ፣ የጣትን ጫፍ ወይም ባዶ ጭንን ሲነካ የሚሰማ የመንዘር፣ የመቆንጠጥ ወይም ጉንዳን የሄደበት ያህል የመውረር ስሜት ነው። ስሜቱን የሚያመጣው ከቻርጀሩ የሚያፈተልክ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ይህ ጅረት በመሬት ሽቦ፣ በተለምዶ ኧርዝ በሚባለው መስመር፣ መሄድ ሲገባው መስመሩ ከሌለ ወይም ከተቋረጠ በተጠቃሚው ሰውነት አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል።

ንዝረቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም። ነገር ግን የቤቱ ኧርዝ እንደማይሠራ የሚጠቁም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ችላ ሊባል አይገባም። ላፕቶፑን የሚጠብቀው ኧርዝ የኤሌክትሪክ ምጣድን፣ የውሃ ማሞቂያን፣ ማቀዝቀዣንና የልብስ ማጠቢያን ለሚነካ ሰው ሕይወትም ዋስትና ነው።

የስሜቱ ባሕርይ

ንዝረቱ የሚሰማው ቻርጀሩ ሶኬት ላይ በተሰካበት ጊዜ ብቻ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ወዲያው ይጠፋል። ተጠቃሚው በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲቆም፣ ግድግዳ ሲደገፍ ወይም በሌላ እጁ የብረት በር ሲነካ ይበረታል። ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጫማ ሲያደርግ ወይም እግሩን ከወለሉ ሲያነሳ ደግሞ ይቀንሳል። ምክንያቱም ጅረት የሚያልፈው መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲገጥም ነው። ሰውዬው ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ሲላላ መንገዱም ይጠባል።

አብዛኞቹ የአሉሚኒየም ላፕቶፖች ላያቸው ጅረት በማያሳልፍ ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ስለዚህ ንዝረቱ በጠርዝ፣ በብሎኖች፣ በዩኤስቢ ማስገቢያዎች ዙሪያና ሽፋኑ በተፋቀበት ቦታ ጎልቶ ይሰማል። ጣት በላዩ ላይ በቀስታ ሲንሸራተት ብረቱ ሻካራ ወይም የሚንቀጠቀጥ መስሎ የሚሰማበት ጊዜም አለ። ይህ ክስተት እ.ኤ.አ. በ1953 ማሊንክሮድት፣ ሂዩዝ እና ስሌተር የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት የገለጹት ነው። ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ደረቅ ቆዳንና ብረቱን በየቅጽበቱ ስለሚሳሳብ በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጣትም ይህንን እንደ መንቀጥቀጥ ይቆጥረዋል።

ንዝረቱ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ የተለየ ነው። በበጋ ደረቅ አየር ሹራብ ሲወልቅ ወይም ብርድ ልብስ ሲታሽ የሚፈጠረው ብልጭታ አንድ ጊዜ ቆንጥጦ ያበቃል። የላፕቶፕ ንዝረት ግን እጅ ብረቱን እስከነካ ድረስ ሳያቋርጥ ይቀጥላል።

ጅረቱ ከየት ይመጣል?

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ይህን ተቀብሎ 19 ወይም 20 ቮልት አካባቢ ወደሆነ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል። በቻርጀሩ ውስጥ የ220 ቮልቱ ወገንና ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ወገን በሽቦ አይገናኙም። ኃይል የሚተላለፈው በመካከላቸው ባለ ትንሽ ትራንስፎርመር ነው።

ዘመናዊ ቻርጀር ጅረቱን በሰከንድ በአሥር ሺህዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ ስለሚሠራ ሬዲዮንና ሌሎች መሣሪያዎችን የሚረብሽ ሞገድ ያመነጫል። ይህን ለማፈን አምራቾች ዋይ ካፓሲተር የሚባሉ አነስተኛ ካፓሲተሮችን ይገጥማሉ። ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ውስጥ ካፓሲተሩ ሁለቱን ወገኖች ያገናኛል። ባለ ኧርዝ ቻርጀር ውስጥ ደግሞ አንዱ ከፌዝ ወደ ኧርዝ፣ ሌላው ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ይያያዛል። ካፓሲተር ቀጥተኛ ጅረትን ይከለክላል እንጂ እንደ 50 ኸርዝ ያለውን ተለዋዋጭ ጅረት በጥቂቱ ያሳልፋል።

መጠኑን በስሌት ማየት ይቻላል። 2.2 ናኖፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ50 ኸርዝ ላይ ያለው እንቅፋት 1.45 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው። 220 ቮልት ለዚህ ሲካፈል 0.15 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። ላፕቶፑን የነካ ሰው በሰውነቱ ሊያልፍ የሚችለው ጅረት በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ነው።

የላፕቶፕ አካል በማልቲሜትር ከመሬት ጋር ሲለካ ብዙ ጊዜ 110 ቮልት አካባቢ የሚያሳየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኧርዙ ሲቋረጥ ሁለቱ እኩል ካፓሲተሮች 220ውን ቮልት ለሁለት ይካፈሉታል፤ ከመካከላቸው ጋር የተያያዘው የብረት አካልም በግማሹ ላይ ይንሳፈፋል። ቁጥሩ ሲታይ ያስፈራል። ይሁን እንጂ ሰው ሲነካው ካፓሲተሮቹ ከጥቂት ጅረት በላይ ማቅረብ ስለማይችሉ ቮልቴጁ ወዲያው ይወድቃል። ሰውን የሚጎዳው በሰውነቱ የሚያልፈው ጅረት መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ስንት ጅረት አደገኛ ነው?

በተለዋዋጭ የቤት ኤሌክትሪክ ሰው የሚሰማው ስሜት በጅረቱ መጠን ይለያያል። የሚከተሉት ቁጥሮች በአብዛኛው ከዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃዎች ጋር የሚስማሙ ናቸው።

0.25 ሚሊአምፔር፦ የኮምፒውተር ዕቃዎችን ደኅንነት ለረጅም ጊዜ ሲመራ በቆየው አይኢሲ 60950-1 በተባለው ደረጃ ኧርዝ የሌለው ቻርጀር እንዲያፈተልክ የሚፈቀድለት ጣሪያ።

0.5 ሚሊአምፔር፦ ብዙ ሰው ጅረትን መሰማት የሚጀምርበት ወሰን። በጣት ጫፍና በስስ ቆዳ በኩል ከዚህ በታችም ሊሰማ ይችላል።

10 ሚሊአምፔር አካባቢ፦ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ የያዘውን መልቀቅ የሚያቅተው ደረጃ። ለሴቶችና ለሕፃናት ከዚህም ያንሳል።

30 ሚሊአምፔር፦ ሰውን ለመጠበቅ የሚገጠሙ የፍሳሽ ቆራጮች ከዚህ ሳያልፍ መስመሩን እንዲቆርጡ የሚሠሩበት መጠን።

ከዚህ በላይ ለጥቂት ጊዜ የቆየ ጅረት የልብን ምት ሊያዛባና ሊገድል ይችላል። የሰው አካል በ220 ቮልት ላይ ያለው ሬዚስታንስ ከ1000 እስከ 2000 ኦም ያህል በመሆኑ፣ በቀጥታ ፌዝ የነካ ሰው ከ100 ሚሊአምፔር በላይ ሊያልፍበት ይችላል። ከደህና ቻርጀር የሚመጣው ንዝረትና ከተበላሸ ቻርጀር የሚመጣው ምት በመጀመሪያ ንክኪ ቢመሳሰሉም በመካከላቸው ያለው ርቀት እስከ ሞት የሚያደርስ ነው።

ቻርጀሮችና መሰኪያዎች

ቻርጀሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ክፍል ሦስተኛ የኧርዝ ግንኙነት ያለው ሲሆን ያፈተለከው ጅረት በዚያ በኩል ይሄዳል። ሁለተኛው ክፍል ባለ ሁለት እግር ነው፤ ደኅንነቱ በድርብ ኢንሱሌሽን ላይ የተመሠረተ ሲሆን ጀርባው ላይ ካሬ ውስጥ ያለ ካሬ ምልክት ታትሞበታል። በሁለተኛው ክፍል ቻርጀር የቤቱ ኧርዝ ሙሉ ቢሆንም ትንሽ ንዝረት ሊቀር ይችላል።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው ሶኬት የአውሮፓው ክብ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ኧርዝ ያለው ዓይነት በቀዳዳዎቹ ግራና ቀኝ ወይም ላይና ታች የሚታዩ ሁለት የብረት ልሳኖች አሉት። ወፍራሙ ክብ መሰኪያ በጎኑ ባለው ብረት እነዚህን ልሳኖች ይነካል። ቀጭኑ ጠፍጣፋ መሰኪያ ግን አይነካቸውም።

ችግሩ የሚጀምረው ላፕቶፑ ከውጭ ሲመጣ ነው። ከዱባይ የመጣው ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ የአሜሪካ መሰኪያ ይኖረዋል። ባለቤቱ ከመርካቶ ወይም ከሰፈር ሱቅ በርካሽ የሚገዛው መቀየሪያ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ወደ ሶኬቱ የሚገባው ሁለት እግር ብቻ ከሆነ ኧርዙ እዚያው ይቀራል። ሦስተኛውን እግር ቆርጦ መሰካትም ያው ውጤት አለው። በማክቡክ ቻርጀር ላይ ኧርዝ የሚያልፈው በመሰኪያው መጋጠሚያ ላይ ባለች የብረት ጉብታ ነው። አጭሩ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ይህችን ጉብታ አይጠቀምባትም፤ ኧርዝ ያለው ረጅሙ ገመድ ግን ይጠቀምባታል። ስለዚህ ገመዱን መቀየር ብቻ ንዝረቱን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ።

ኧርዝ እንዴት ይጠብቃል?

ኧርዝ ማለት የመሣሪያዎችን የብረት አካል ከመሬት ጋር የሚያያይዝ፣ በተለመደው ሁኔታ ጅረት የማይሄድበት ሽቦ ነው። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ከሶኬቱ ተነስቶ በማከፋፈያ ሳጥኑ በኩል አልፎ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ወይም በመዳብ የተለበጠ የብረት ዘንግ ጋር ይገናኛል።

ዘንግ መቅበር ብቻውን ግን በቂ አይደለም። አንድ ቤት 20 ኦም ሬዚስታንስ ያለው ዘንግ አለው እንበል። ፌዝ የምጣዱን ብረት ቢነካ በዘንጉ በኩል የሚሄደው ጅረት 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በ11 አምፔር አይቆርጥም። መብራት አይጠፋም፤ የምጣዱ ብረትም ለገዳይ ቮልቴጅ እንደተጋለጠ ይቆያል። ብሬከር የተሠራው ሽቦ ከመጠን በላይ ግሎ እንዳይቃጠል እንጂ ሰውን ለመጠበቅ አይደለም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው በገበያ አርሲዲ ወይም ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር የሚባለው ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ጅረት እያነጻጸረ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሳይሞላ በቅጽበት ይቆርጣል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የሚያፈተልከው 11 አምፔር ከወሰኑ ከ360 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ አርሲዲው ምጣዱን የሚነካ ሰው ከመድረሱ በፊት መስመሩን ያጠፋል።

የመሬቱ ሁኔታም ለውጥ ያመጣል። እርጥብ አፈር ጅረትን በደንብ ሲያሳልፍ ደረቅና ድንጋያማ አፈር ያግዳል። በአዲስ አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ደህና የሚለካ ዘንግ በጥርና በየካቲት ደረቅ ወራት ሬዚስታንሱ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ዘንግ በጥልቀት መቀበርና በበጋ መለካት ይኖርበታል።

በአዲስ አበባ ግቢዎች

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ እንደ 18 ማዞሪያ ባሉ ሰፈሮች፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ አካባቢዎች ሁሉ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ የኪራይ ክፍሎች አንድ ቆጣሪ ሲጋሩ ማየት የተለመደ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ቤተሰብ የተዘረጋ መስመር ሰርቪስ ቤቶች ሲጨመሩ በሁለት ሽቦ ብቻ፣ በፌዝና በኒውትራል፣ ይቀጠላል። ሶኬቱ የኧርዝ ልሳን ቢኖረውም ከጀርባው የተያያዘ ሽቦ የለም። ተከራዩ ተማሪ ሶኬቱን አይቶ ኧርዝ ያለው ይመስለዋል።

ማከፋፈያ ገመድም ሌላው የሚታለፍ ቦታ ነው። ባለ ብዙ ቀዳዳው ሳጥን የኧርዝ ልሳን እያለው ገመዱ ባለ ሁለት ሽቦ ብቻ የሆነ ማከፋፈያ በገበያ ይገኛል። እዚህ ላይ የተደበቀ ከባድ አደጋ አለ። የሳጥኑ ልሳኖች እርስ በርስ ተያይዘው ወደ መሬት ካልደረሱ፣ በላዩ የተሰኩት መሣሪያዎች የብረት አካላት ሁሉ በአንድነት ይተሳሰራሉ። የውሃ ማፍያው ውስጡ ተበላሽቶ ፌዝ ብረቱን ቢነካ፣ ያው 220 ቮልት በልሳኖቹ አልፎ ኧርዝ ባለው ቻርጀር በኩል ወደ ላፕቶፑ አካል ሊደርስ ይችላል። በግቢው ሙሉ የኧርዝ ሽቦ ተዘርግቶ ዘንጉ ብቻ በተበጠሰበት ቤትም አንድ ክፍል ውስጥ የተበላሸ ምጣድ በሌላ ክፍል ያለ ተከራይን ሊይዝ ይችላል። መሬት ያልደረሰ ኧርዝ የአንዱን ብልሽት ለሁሉም ያከፋፍላል።

በሕግ በኩል የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ 10 ስለ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚደነግግ ነው። ከቆጣሪ በኋላ ያለው የውስጥ ዝርጋታ በደንበኛው ኃላፊነት ሥር ስለሆነ በኪራይ ግቢ ጉዳዩ በቅድሚያ የሚመለከተው ባለቤቱን ነው።

በኮምፒውተር ክፍሎች

ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ መስመር ሲሠሩ የሚያፈተልኩት ጅረቶች ይደመራሉ። እያንዳንዱ ዴስክቶፕ 1 ሚሊአምፔር ቢያፈተልክ 20ው ሲደመሩ 20 ሚሊአምፔር ይሆናሉ። ኧርዙ ሙሉ ከሆነ ማንም አይሰማውም። የጋራው የኧርዝ ሽቦ ከተበጠሰ ግን ሁሉም ሳይበላሹ እንኳ አንዱን ሳጥን የነካ ተማሪ እጁን ማላቀቅ የሚያቅተው ጅረት ሊያልፍበት ይችላል። በትምህርት ቤትና በኢንተርኔት ካፌ ተማሪዎች ኮምፒውተሩ ነዘረን ሲሉ አስቸኳይ ፍተሻ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኧርዝ አልባነት ዕቃንም ይጎዳል። የሚንሳፈፍ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ኧርዝ ካለው ፕሮጀክተር ጋር ሲገናኝ ትንሽ ብልጭታ ሊፈጠርና ማስገቢያው ሊቃጠል ይችላል። ገመዱን አስቀድሞ አገናኝቶ ቻርጀሩን በኋላ መሰካት ይመረጣል። የመዳሰሻ ሰሌዳ መዝለልና በድምፅ ማጉያ ውስጥ የሚሰማ እምምታም ከዚሁ ሊመነጩ ይችላሉ።

እንዴት ይለያል?

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ባለ መብራት ቴስተር በቂ መልስ አይሰጥም። በውስጡ ያለችው የኒዮን አምፖል እጅግ በጣም ትንሽ ጅረት ስለሚበቃት፣ ከደህና ቻርጀር በሚያፈተልከውም ከእውነተኛ ብልሽት በሚመጣውም እኩል ትበራለች። ቴስተሩ መብራቱ ላፕቶፑ ገዳይ መሆኑን፣ አለመብራቱም ቤቱ ደህና መሆኑን አያረጋግጥም።

ያለ መሣሪያ ሊደረግ የሚችለው የመጀመሪያ ማጣሪያ የሚከተለው ነው። ቻርጀሩን ነቅሎ ንዝረቱ መጥፋቱን ማየት። ያንኑ ቻርጀር ኧርዙ በታወቀ ሌላ ሕንፃ ሰክቶ ማወዳደር። እዚያ ከጠፋ ችግሩ የቤቱ ሶኬት ወይም ማከፋፈያ ነው። እዚያም ካለና ቻርጀሩ ባለ ሁለት እግር ከሆነ የተለመደው ማፈትለክ ሊሆን ይችላል። ንዝረቱ ከቀድሞው ድንገት ከበረታ፣ እጅን ከመታ፣ ቻርጀሩ ከጮኸ፣ ከሸተተ ወይም ውሃ ከነካው መጠቀም ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል።

ሶኬቱን በማልቲሜትር መለካት የባለሙያ ሥራ ነው። በደህና ሶኬት ከፌዝ እስከ ኧርዝ 220 ቮልት ገደማ፣ ከኒውትራል እስከ ኧርዝ ጥቂት ቮልት ብቻ ይለካል። ይህም ቢሆን የዘንጉን ብቃት ስለማያሳይ ዘንጉ በኧርዝ መለኪያ መሣሪያ ለብቻው ይለካል።

መፍትሔዎች

ኧርዝ ያለው ቻርጀር ከኧርዝ ጋር በተሟላ ሶኬት በቀጥታ መሰካት፤ ኧርዝ የሚያሳልፍ መቀየሪያና ባለ ሦስት ሽቦ ማከፋፈያ መጠቀም፤ የሚተካ ቻርጀር ሲገዛ በክብደቱና በዋጋው ብቻ ሳይሆን የላፕቶፑ አምራች በሚመክረው ዓይነት መምረጥ፤ ለቤቱ ዘንግ ማስቀበርና ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ማስገጠም፤ የአርሲዲውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየጊዜው ተጭኖ መቁረጡን ማየት። ዝርጋታውን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ የሰጠው ባለሙያ ቢሠራው ይመረጣል።

ተከራይ ዝርጋታውን መቀየር ባይችል እንኳ የሚያደርገው አለ። ላፕቶፑን በባትሪ መጠቀምና በማይሠራበት ጊዜ ቻርጅ ማድረግ፣ ጫማ ማድረግ፣ ላፕቶፑንና ምጣድን ወይም ማፍያን በአንድ ማከፋፈያ አለመሰካት ይችላል። ጫማውና ባትሪው ንዝረቱን ቢያስቀሩም የግቢውን ምጣድ ስለማያስተካክሉ ለባለቤቱ መንገር የግድ ነው። ከሁሉ የሚቀለው አነጋገር፣ ላፕቶፑ ነዘረኝ ከማለት ይልቅ፣ ሶኬቱ ኧርዝ የለውምና ምጣዱም ሰው ሊይዝ ይችላል ብሎ ማስረዳት ነው።

መደረግ የሌለባቸውም አሉ። በሶኬት ውስጥ ኧርዝንና ኒውትራልን በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ንዝረቱን ስለሚያጠፋ ብዙዎች እንደ ብልሃት ይቆጥሩታል። ነገር ግን የቤቱ ኒውትራል አንድ ቀን ቢበጠስ በዚያ ሶኬት የተሰኩ መሣሪያዎች የብረት አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ኧርዝን ከውሃ ቧንቧ ማሰርም አይበጅም። ቧንቧው በፕላስቲክ የተቀጠለ ከሆነ መሬት አይደርስም፤ ይልቁንም ብልሽት ሲፈጠር የጎረቤትን የውሃ ቧንቧ ሊያስነዝር ይችላል።

አደጋ ሲደርስ

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ መንካት አይገባም። መጀመሪያ ብሬከሩን ወይም ቆጣሪውን ማጥፋት፣ ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ወይም በሌላ ጅረት በማያሳልፍ ነገር ከመስመሩ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ሰውዬው የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሐል ለመሐል በሁለት እጅ በፍጥነትና በኃይል መጫን፣ እርዳታ እስኪደርስም አለማቋረጥ ይገባል። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ በ905 ይጠራሉ። ምቱ ቀላል መስሎ ቢያልፍም የልብ ምት መዛባት፣ የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም ቃጠሎ ያለበት ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል።